የአደራ መኪና ዘይት

ጁባ ውስጥ መሪያቸው በቀኝ በኩል የሆነ መኪኖች ብዙ ናቸው። በኡጋንዳ በኩል የሚገቡ አሮጌዎች ናቸው፤ መንገዱ ግን እንደ አገራችን በቀኝ ይነዳል። ስለዚህ ሹፌሩ የመንገዱን ጥግ ይዞ ይቀመጥና ከፊቱ ካለው የጭነት መኪና ጀርባ በቀር የሚታየው ነገር የለም። ከፊት ለፊት የሚመጣውን የሚያየው በግራ የተቀመጠው ሰው ነው። ባልንጀራዬ ይነዳል፣ እኔ በግራ ተቀምጬ አይለታለሁ። «ቆይ» ስለው ይቆያል፣ «እለፍ» ስለው ያልፋል። ከሰፈራችን ከጉዴሌ ወደ ወንዙ ወደብ፣ ከወደቡ ወደ ጉዴሌ ስንመላለስ የኖርነው እንዲህ እየተባባልን ነው። አንድም ቀን «እርግጠኛ ነህ?» ብሎኝ አያውቅም። በሰው ነፍስ ላይ እንዲህ ያለ ሥልጣን ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ኖሮኝ አያውቅም።

ሁለታችንም ነጋዴዎች ነበርን፤ የወሎ ልጆች። እሱ የጭነት ጀልባ በደረሰ ቁጥር ወደብ ወርዶ ዱቄት፣ ስኳርና ሳሙና ይገዛና በጅምላ ይሸጣል። እኔ ጉዴሌ መንገድ ዳር ሱቅ አለኝ፤ ባልዲ፣ ጀሪካን፣ ሳፋና የፕላስቲክ ወንበር እሸጣለሁ። የምንኖረው አንድ ግቢ ውስጥ ነው፤ እሱ ከፊት ባለው ቤት፣ እኔ ከጓሮ ባለችው ክፍል። በዕድሜ ትንሽ ይበልጠኛል። ሚስቱና ልጆቹ ደሴ ናቸው። እኔ አላገባሁም። «አንተማ ከባልዲ ጋር ኒካህ አስረሃል» ይለኛል። ቀልዱ የሚያስቅ አልነበረም፤ ሳይሰለቸው መደጋገሙ ግን ያስቀኝ ነበር።

መኪናዋ የእሱ ናት። ነጭ፣ አሮጌ፣ በቤንዚን የምትሠራ፣ ከኋላዋ ጥቂት ከረጢት የምትይዝ። የግራ በሯ ከውስጥ አይከፈትም፤ ለመውረድ ስፈልግ መስታወቱን ዝቅ አድርጌ እጄን በውጭ አዙሬ እከፍታለሁ። አሠራት ባልኩት ቁጥር «አንተ እንዳታመልጠኝ ነው» ይላል።

በ2006 ዓ.ም. ታኅሣሥ ላይ ከተማው ውስጥ ተኩስ ተነሳ። ከየት ወደ የት እንደሚተኮስ እንኳ የሚያውቅ አልነበረም። የዱቄት ከረጢቶቹን በመስኮቱ ልክ ደርድረን ከሥራቸው ወለሉ ላይ ተኛን። ዱቄት ጥይት ያቆማል፣ አያቆምም ብለን ተከራከርን። እሱ ያቆማል አለ። እኔ ሲሞቅ ይጋገራል እንጂ አያቆምም አልኩ። ፈርተን ነበር። ሰው ሲፈራ ወይ ይጸልያል ወይ ይቀልዳል፤ እኛ ሁለቱንም አደረግን።

ተኩሱ ትንሽ ረገብ ሲል ሚስቱ በስልክ እያለቀሰች ካልመጣህ አለችው። የአገር ልጅ ሁሉ ሻንጣውን ይዞ ወደ አውሮፕላን ማረፊያው ይጎርፋል። ና ብሎ የሚያለቅስልኝ ሰው አልነበረኝም። አባትና እናቴ ሞተዋል፤ እህቴ ደውላ አላህ ይጠብቅህ ብላኛለች፤ ከዚያ በላይ ማለት ጠባይዋ አይደለም። ሱቄም እንደ ሞላ ነው። የምቀረው እኔ እንደሆንኩ ሁለታችንም ሳንነጋገርበት አወቅነው።

አውሮፕላን ማረፊያው በር ላይ ፍራሽ የተሸከመውም፣ ልጅ ያዘለችውም፣ ፓስፖርቱን በጥርሱ የያዘውም ይጋፋል። ባልንጀራዬ ከመኪናው ወርዶ ቁልፉን መዳፌ ላይ አስቀመጠና ጣቶቼን አጠፈልኝ። «አማና ነች» አለኝ። «ጠዋት ጠዋት አስነሳት። ቆማ እንዳትሞት።» ወር ሳይሞላ እመለሳለሁ አለ። እሺ አልኩት። ተቃቀፍን፣ ሕዝቡ ዋጠው። ከዚያ በማላውቀው የሹፌር ወንበር ተቀምጬ መኪናዋን ወደ ጉዴሌ መለስኳት። መንገዱ ጭር ብሎ ስለነበር የምቀድመው መኪና አልገጠመኝም፤ ቢገጥመኝ ኖሮ ጉዴ በዚያው ቀን ይፈላ ነበር።

አማና የሚለውን ቃል እኛ ነጋዴዎች እንደዋዛ አንጠራውም። አደራ ማለት ነው፤ ግን ፈጣሪ ምስክር የቆመበት አደራ ነው። አደራ የተቀበለ ሰው ዕቃውን ይጠብቃል እንጂ አይገለገልበትም። አባቴ አንድ ጊዜ ሐጅ ከሄደ ጎረቤቱ በቅሎ በአደራ ተቀብሎ ነበር። ገበያ ሲሄድ ብቻዋን እንዳትቀር ይዟት ይሄዳል፤ እሱ ግን ልጓሟን እየሳበ በእግሩ ነው የሚሄደው። ኮርቻዋ ባዶ፣ አባቴ ላብ በላብ። ያየው ሁሉ ይስቅበታል። «የሰው ወርቅ አያደምቅም» ይልና መንገዱን ይቀጥላል። እኔ አብሬው ስሄድ በኀፍረት መሬት መሬት አይ ነበር። ጁባ ላይ የእሱ ልጅ መሆኔ ታወቀ።

ሱብሒ ሰግጄ ስመለስ ግቢው ገና ቀዝቀዝ እንዳለ ነው። የሹፌሩን በር ከፍቼ አስነሳታለሁ። ከዚያ ዞሬ በግራ እገባና በቦታዬ እቀመጣለሁ። ሻይ በብርጭቆ ይዣለሁ። ሞተሩ ማንም ነዳጅ ሳይሰጠው በዝግታ በራሱ ይዞራል፤ መካኒኮች ሚኒሞ የሚሉት ነው። ሻዬን እስክጨርስ ትዞራለች። ከዚያ አጠፋትና አቧራዋን በጨርቅ ጠርጌ ሱቅ እከፍታለሁ። ከግቢው ወጥታ አታውቅም። ዕቃ ሳመጣ ቦዳቦዳ እከራያለሁ። የባልዲ ክምር በሞተር ሳይክል ላይ ታስሮ፣ እኔ ከክምሩ ጋር ተጣብቄ በሩ ላይ ስወርድ መኪናዋ ግቢ ውስጥ ቆማ ትቀበለኛለች። ጎረቤቶቼ በጁባ ዓረብኛ ዓረቢያህ፣ መኪናህ ማለታቸው ነው፣ ታማለች ወይ ይሉኛል። «ማፊ ሙሽኪላ» እላለሁ፤ ችግር የለም፣ ጤነኛ ናት።

ባልንጀራዬ ይደውላል። መጀመሪያ መጀመሪያ በየሳምንቱ ነበር። ሰላምታው እንዳለቀ «ድምጿን አሰማኝ» ይለኛል። አስነሳትና ኮፈኑን ከፍቼ ስልኩን ወደ ሞተሩ አስጠጋለሁ። ደሴ ላይ አንድ ሰው ጁባ ላይ የሚዞር ሞተር ያዳምጣል። ትንሽ ቆይቶ አልሐምዱሊላህ ይላል። ቀጥሎ ሁልጊዜ የሚጠይቀኝ ኒምራ ታላታ ሄድክ ወይ ብሎ ነው። ኒምራ ታላታ የሚባለው ሰፈር ውስጥ የአገር ልጆች እሁድ እሁድ ምሳ የሚበሉበት ቤት አለ። ከመካከላቸው የባንክ ሠራተኛ አለ፣ የእርዳታ ድርጅት ሠራተኛ አለ፣ ነጋዴ አለ፤ ክርስቲያኑም እስላሙም በየትሪው ይቀርባል፣ ካርታ ይጫወታል፣ ይከራከራል። ከእሱ ጋር እንሄድ ነበር። እዚያ ቤት ጨዋታ የሚያመጣው እሱ ነው፤ እኔ ከጎኑ ተቀምጬ እስቃለሁ። ብቻዬን ሄጄ ምን ላወራ ነው? ደግሞ በቦዳቦዳ አቧራ ለብሶ ሄዶ ሰው ቤት መግባት፣ ማምሻ ላይ በወታደር ፍተሻ በኩል መመለስ። እሄዳለሁ ኢንሻአላህ እለዋለሁ። ሰላምታ እንዳደርስለት ፈልጎ የሚጠይቀኝ ይመስለኝ ነበር።

እውነቱን ለመናገር ብቸኝነቱ በላኝ። ቀኑን ሙሉ ከሰው ጋር ነው የምውለው፤ ባልዲ የሚገዛ ሰው ሞልቷል። ግን ኢታ ኩዌስ፣ ደህና ነህ? ኩዌስ። በከም፣ በስንት? በዚህ። ቀንስ፣ አልቀንስም። ይኸው ነው። አንድ ቀን ጠዋት መኪናዋ ውስጥ ተቀምጬ ሻዩ አፌን ሲያቃጥለኝ «ውይ» አልኩና ድምፄ እንግዳ ሆነብኝ። አማርኛ ሳልናገር ስንት ቀን እንደቆየሁ ለማስታወስ ሞክሬ አቃተኝ። ከዚያ በኋላ ለመኪናዋ ማውራት ጀመርኩ። ዛሬ ዝናብ ይመጣል፣ ጀሪካኑ አላለቀም፣ የፊቱ ቤት ጣሪያ አፍስሷል እላታለሁ። የምናገረው ወደ ባዶው የሹፌር ወንበር ዞሬ ነበር። እብደት ነው የሚል ይኖራል፤ ብቻውን ያልኖረ ሰው ነው።

ወር ሳይሞላ የተባለው ዓመት ሞላ። ዝናቡ መጥቶ የጉዴሌን መንገድ ጭቃ አደረገው፣ ሄዶ አቧራ አደረገው። የፊት ለፊቱን ቤት ኪራይ የግቢው ባለቤት ለሌላ ሰው ልስጥ ሲለኝ እምቢ አልኩ፤ ተከራዩ ይመጣል አልኩት። መኪናዋ እስካለች ባልንጀራዬ ይመጣል ብዬ አምን ነበር። ሰው መኪናውን ጥሎ አይቀርም። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት የማስነሳው ሞተሩን ብቻ አልነበረም፤ የእሱን መመለስ ጭምር ነበር። መኪናዋ ከሞተች የሚመለስበት ምክንያት አብሮ የሚሞት ይመስለኝ ነበር።

ዘይቷን ጁምዓ ጁምዓ አያለሁ። የዘይት መለኪያዋን ቀጭን ዘንግ መዝዤ፣ በጨርቅ ጠርጌ፣ መልሼ ከትቼ አወጣለሁ። አሮጌ ሞተር ዘይት ይበላል ሲባል ሰምቼ ስለነበር እንዳይጎድል እሰጋ ነበር። የሚገርመው አልጎደለም። ወራት ሲያልፉ ጭራሽ ከላይኛው ምልክት በላይ ወጣ። ማንም ጠብታ አልጨመረበትም፤ ቁልፉ እኔ ኪስ ነው። ዘንጉን ወደ ብርሃን አንስቼ አየሁት፣ አሁንም አየሁት። ከዚያ ምን አልኩ? በረካ ነው አልኩ። አደራውን በንጽሕና ስለጠበቅሁ አላህ ዘይቱን ባረከው። ለባልንጀራዬ ደውዬ ስነግረው ከት ብሎ ሳቀ፤ ዘይት የምትወልድ መኪና ካለችህ ባልዲውን ትተህ ዘይት ሽጥ አለኝ። ሁለታችንም ደስ አለን። እኔማ ያን ቀን በሱቅ ቆሜ ለብቻዬ ፈገግ እያልኩ ዋልኩ።

ቀጥሎ ቤንዚን ጠፋ። ማደያ ላይ መኪኖች ተሰልፈው ያድራሉ፤ መንገድ ዳር በውሃ ላስቲክ የሚሸጡት እንደ ወርቅ ያስወድዱታል። እኔ በቦዳቦዳ ከሰፈር ሰፈር እየዞርኩ ቤንዚን እፈልግ ነበር። የቦዳቦዳው ልጅ መኪናህ ወዴት ልትሄድ ነው ብሎ ጠየቀኝ። የትም አትሄድም፣ ጠዋት ጠዋት ትነሳለች አልኩት። ከዚያ በኋላ ባየኝ ቁጥር እጁን ግንባሩ ላይ አድርጎ እንደ ወታደር ሰላም ይለኛል።

መብራቷ የመጣችው በዚያ ሰሞን ነው። መሪው ፊት ለፊት ካሉት ምልክቶች መካከል ጠብታ የምታንጠባጥብ የማንቆርቆሪያ ሥዕል አለች፤ ዘይት ማለት ናት። ስናስነሳ ቀይ ትበራለች፣ ወዲያው ትጠፋለች። አንድ ቀን ጠዋት ሻዬን ላጋምስ ስል ብልጭ አለች፣ ጠፋች፣ ብልጭ አለች፤ እንቅልፍ እንደሚታገለው ሰው ዓይን። ዞሬ የሹፌሩ ወንበር ላይ ተቀመጥኩና ነዳጅ ረገጥ አደረግሁ። ጠፋች። ስለቅቀው ተመልሳ ብልጭ አለች። ወርጄ ዘይቱን አየሁ፤ ሞልቶ ተርፏል። ዘይት ሞልቶ የዘይት መብራት የሚበራ ከሆነ የተበላሸችው መብራቷ ናት ብዬ ደመደምኩ። ከኮፈኑ ሥር ግን ታክ ታክ የሚል ነገር ጀምሯል፤ በጥፍር ጠረጴዛ የሚመታ ሰው ያለ ይመስላል።

ያን ጊዜ ባልንጀራዬ ስልክ መደወሉን ቀንሶ ነበር። በሳምንት የነበረው በወር፣ በወር የነበረው እንዲያው አልፎ አልፎ ሆኗል። ሲደውልም ድምጿን አሰማኝ ማለቱን ትቷል፤ እኔ ነኝ ሳልጠየቅ የማሰማው። ስልኩን ሳስጠጋላት ታክ ታክ የሚለው ስልኩ ነው ወይስ እሷ ብሎ ጠየቀኝ። መስመሩ ይሆናል አልኩት። እሱም መስመሩ ይሆናል አለ።

በመጨረሻ መብራቷ ነዳጅ ስረግጥም አልጠፋ ስትል መካኒክ ጠራሁ። ጉዴሌ መንገድ ላይ ከኮንቴይነር ሥር የሚሠራ ኡጋንዳዊ ነው። መኪናዋን ይዘህልኝ ና ቢለኝ እሷ አትወጣም፣ አንተ ና አልኩት። መጣ። መብራቷን አየና ሳቀ፤ የምታስጨንቅህ ይህች ከሆነች አምፖሏን ላውጣልህ፣ ጁባ ውስጥ ስንቱ እንዲህ አድርጎ ይነዳል አለኝ። ልሳቅ አልሳቅ ቸገረኝ። ጠባቂ ውሻ ጮኸ ተብሎ አፉ አይታሰርም አልኩት። ትከሻውን ነቅነቅ አድርጎ የዘይት መለኪያውን ዘንግ መዘዘ። ዘይቱን በሁለት ጣቱ አሸት አደረገና አሸተተው። ከዚያ ጣቱን ወደ አፍንጫዬ አመጣው። ቤንዚን፣ ቤንዚን ይላል።

በረካ ያልኩት እሱ ነበር።

መካኒኩ በጁባ ዓረብኛም በእንግሊዝኛም እየቀላቀለ አስረዳኝ፤ እኔም እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። ሞተር ጠዋት በቀዝቃዛው ሲነሳ ቤንዚን አብዝቶ ይጠጣል። የተረፈው ቤንዚን በሲሊንደሩ ግድግዳ ወርዶ ከዘይቱ ጋር ይቀላቀላል። መኪና መንገድ ከወጣ ዘይቱ በደንብ ይግልና ቤንዚኑ ተንኖ ይሄዳል። ቆሞ በሚኒሞ ብቻ ከዞረ ግን ለብ ከማለት አያልፍም፤ ቤንዚኑ እዚያው ይቀራል። በየቀኑ ትንሽ፣ በየቀኑ ትንሽ። ዘይቱ መጠኑ ይጨምራል፣ ውፍረቱ ይቀንሳል። ቀጭን ዘይት ደግሞ ግፊት አይይዝም፤ ፓምፑ ወደ ላይ ቢገፋውም በየክፍተቱ ያመልጣል። ግፊት ከሌለ ብረትና ብረትን የሚለያይ የለም። ከላይ ያሉት መምቻዎች ይደርቁና ታክ ታክ ይላሉ፤ ከሥር ዋናውን ዘንግ የሚሸከሙት ብሮንዚኖች ይፋቃሉ፤ ሲብስ ሞተሩ ይግልና ብረት ከብረት ተያይዞ ድርቅ ይላል። ያኔ ሬሳ ነው። መብራቷም የምትበራው ግፊቱ ከወረደ በኋላ ነው፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ነው።

ዘይቱን ከሥር ሲከፍተው እንደ ሻይ ተንፎለፎለ። የተቀበለበት ሳፋ የእኔው ሱቅ ሳፋ ነበር። መካኒኩ ሳፋውን ወደ ፀሐይ ዘወር አደረገው፤ ዘይቱ ላይ ወርቃማ ብናኝ ያብለጨልጫል። ብሮንዚን ነው አለ። ወፈር ያለ አዲስ ዘይት ሞላ፣ አስነሳ፣ መብራቷ ጠፋች፣ ታክ ታክ የሚለውም ቀነሰ። አልሞተችም ግን ቆስላለች አለኝ። ከአሁን በኋላ መንገድ ላይ አውጥቼ እንድነዳት፤ ስትግልና ዝግ ስትል መብራቷ ልትበራ እንደምትችል፤ በርታ ከቀረች ግን የትም ልሁን የት በዚያው ቦታ እንዳጠፋት አስጠነቀቀኝ።

«እስካሁን ለምን አልነዳሃትም?» አለኝ እጁን በቤንዚን እየታጠበ።

«የእኔ አይደለችም» አልኩት።

እንደ እብድ አየኝ። ዕቃውን ሰብስቦ ሄደ።

ለመንዳት ፈቃድ ያስፈልገኛል። ስለዚህ በዚያው ከሰዓት ደወልኩ። 2007 እየተገባደደ ነበር። ሁሉንም ነገርኩት፤ ሚኒሞውን፣ ቤንዚኑን፣ ብናኙን። አንድም አልደበቅሁም። ይቆጣል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። ከበስተኋላው የልጆች ድምፅና የሆነ ሰው ዋጋ ሲጠይቅ ይሰማኛል።

«አንተ ሰው፣ እስከ ዛሬ አንድም ቀን አልነዳሃትም?» አለኝ።

«አስነሳት አልከኝ እንጂ ንዳት መቼ አልከኝ?»

«ያ ረቢ» አለ፣ ድምፁ ዝቅ ብሎ። «ለመኪናዋ ያሰብኩ መሰለህ? ይህች ብረት ምኔ ናት? ብቻህን ትተህ መሄዴ ነው የከነከነኝ። ቁልፉን የሰጠሁህ እንድትወጣበት ነው። ኒምራ ታላታ ሄድክ ወይ እያልኩ ስነዘንዝህ የኖርኩት ለምን ይመስልሃል?»

ለሰላምታ ነበር የመሰለኝ ብዬ ልነግረው አፈርኩ። ከዚያ ሌላውን ነገረኝ። ደሴ ላይ ሱቅ ከፍቷል፤ የሰማሁት ዋጋ ጠያቂ የእሱ ደንበኛ ነው። ሚስቱ ከእንግዲህ ሱዳን የሚባል አገር ስሙን አታንሳብኝ ብላዋለች። ቆርጦ መቅረቱን ካወቀ ቆይቷል።

«ልነግርህ እደውላለሁ» አለኝ። «አንተ ደግሞ ገና ከመናገሬ ስልኩን ሞተር ላይ ትደግናለህ። ድምጿን ስሰማ አፌ ይያዛል። እንዲህ እየጠበቀኝ እንዴት ልበለው እላለሁ።»

ቀጥሎ አውፍ በለኝ፣ ይቅር በለኝ አለኝ፣ እኔም አውፍ አልኩት። መኪናዋን ሀላል ብዬሃለሁ፣ ከዛሬ ጀምሮ ያንተ ናት አለ። ጀዛከላህ ማለት ይገባኝ ነበር፤ አልኩም መሰለኝ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን ተናደድኩ። መኪና በነጻ የተሰጠው ሰው ሲናደድ አይታችሁ አታውቁም ይሆናል። በጭቃ የተጎተትኩት፣ በቦዳቦዳ ቤንዚን ያሳደድኩት፣ ለባዶ ወንበር ያወራሁት ለዚህ ነው? አደራ የያዘ ሰው የሚጠብቀው ባለቤት አለው፤ ማታ ሲተኛ ነገ ይመጣል ብሎ ይተኛል። የራሱን ዕቃ የያዘ ሰው ማንንም አይጠብቅም። በአንዲት የስልክ ጥሪ መኪና አገኘሁ፣ የምጠብቀውን ሰው አጣሁ።

በማግስቱ ጠዋት አላስነሳኋትም። ሻዬን ክፍሌ ውስጥ ጠጣሁ፤ ውሃ ውሃ አለኝ።

እሁድ ሲመጣ ታጠብኩ፣ የዒድ ሸሚዜን ለበስኩ፣ ከሱቅ አንድ ደህና ሳፋ መርጬ ከኋላ ጫንኩ፤ ባዶ እጅ ሰው ቤት አይገባም። ኒምራ ታላታ ልሄድ ነው። ደጁ ላይ ስደርስ ምን እንደምል ሳስብ ቆየሁ። ዘገየሁ፣ አትቀየሙኝ፣ ከማለት ሌላ አልመጣልኝም። ከግቢው ስወጣ ጎረቤቶቼ እልል አሉ፤ ዓረቢያው ዳነች ይላሉ። መሪውን ጨብጬ ጉዴሌን አቋርጬ ወደ አስፋልቱ ወጣሁ። ትሄዳለች። መስኮቱ ክፍት ነው፣ ነፋሱ ይገባል፣ መብራቷ ጠፍታለች። እንዲህ ቀላል ነበር እንዴ አልኩ።

ከዚያ ከውሃ ቦቴ ኋላ ተያዝኩ። ከወንዙ ውሃ ሞልተው በየሰፈሩ ከሚያድሉት ሰማያዊ ቦቴዎች አንዱ ነው፤ ከሥሩ ውሃ እያንጠባጠበ ከእግረኛ ባልተሻለ ፍጥነት ይጎተታል። ከጀርባው በቀር የሚታየኝ ነገር የለም። ወደ ግራ አዘነበልኩ፣ አንገቴን አስረዘምኩ፤ መሪው በቀኝ ነው፣ አይታይም። ቦዳቦዳዎች በግራም በቀኝም እየጮኹ ያልፉኛል። ሞተሩ ጋለ። ዝግ ባልኩ ቁጥር መብራቷ ብልጭ ማለት ጀመረች። ፈጠን ብዬ እንዳጠፋት ቦቴው አያስኬደኝም፤ ቦቴውን እንዳልፍ የሚያይልኝ ሰው የለም። «እንዴት ነው?» አልኩ ወደ ግራ ሳልዞር፤ እሱ እኔን ይጠይቅ እንደነበረው። ወንበሩ ዝም አለ። ታክ ታክ ተመልሶ መጣ፣ መብራቷም በርታ ቀረች።

መካኒኩ እንዳለው አደረግሁ። ጥጉን ይዤ ቆምኩና አጠፋኋት። ጸጥ አለ፤ ኮፈኑ ሥር የጋለ ብረት ጭር ጭር ይላል። እስኪበርድ ከመጠበቅ ሌላ የማደርገው አልነበረም። ከሹፌሩ ወንበር ተነስቼ በማርሹ ላይ ተሻግሬ ወደ ግራ፣ ወደ ቦታዬ ተቀመጥኩ። ቦቴው ገና ብዙ አልራቀም፤ እንደዚያው እየተጎተተ ነው። ከግራ በኩል መንገዱ እስከ ዳገቱ ራስ ድረስ ወለል ብሎ ታየኝ። ከፊት የሚመጣ ምንም አልነበረበትም። ያን ሁሉ ጊዜ ባዶ ነበር ማለት ነው።

«እለፍ» አልኩ፣ ጮክ ብዬ። መሪውን የያዘ ሰው አልነበረም።